በኮምፒዩተር የታገዘ ንድፍ በጦር መሐንዲሶች ዘንድ፦ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚሰጠው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ ስኬችፓድ የተባለውን ሥራውን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበ ጊዜ፣ በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር ገጽታ ላይ መንደፍ እንደሚቻል ታየ። ይህን ስልት ከተቀበሉት ድርጅቶች አንዱ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ነው። ኮሩ የጦር ሰፈር ብቻ ሳይሆን ግድብና የጎርፍ መከላከያም የሚሠራ በመሆኑ፣ የሚቆረጠውንና የሚሞላውን አፈር መጠን በፍጥነት ማስላትና ንድፍን ያለ ድካም ማረም ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጠው አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ የአቀባበሉ ቅደም ተከተል ሊተች ይገባዋል። መሣሪያው ቀደመ፤ ስምምነቱ ዘገየ። የምድር ጦሩን፣ የባሕር ኃይሉንና የአየር ኃይሉን የንድፍ አሠራር የሚያስተባብረው ማዕከል በቪክስበርግ፣ ሚሲሲፒ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ማዕከሉ ያወጣው የጋራ ደንብ በአብዛኛው የሚደነግገው ስለ መስመር ውፍረት፣ ስለ ምልክቶች፣ ስለ ፋይል አሰያየምና እያንዳንዱ የሕንፃ ክፍል በየትኛው የንድፍ ንጣፍ ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ መሣሪያ በገንዘብ ሲገዛ የንድፍ ቋንቋ ግን በስምምነትና በትምህርት ብቻ የሚገኝ መሆኑን ነው።

ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተር ስሕተትን ያሳምራል። የተሳሳተ የከፍታ ቁጥር ቢሰጠው፣ እርሱንም እንደ እውነተኛው ሁሉ በጠራ መስመር ያወጣዋል። ጉድለቱን የሚያየው ንድፍ ማንበብ የተማረ ዓይን ብቻ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚያውቀው አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ኮምፒዩተር ሲገባ የንድፍ ሠሌዳዎቹ ወደ መጋዘን ተወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ ዕጩ መምህራኑ የኮምፒዩተሩን ትእዛዛት በሚገባ ያውቁ ነበር፤ የአንድን ቀላል ዕቃ የፊት፣ የጎንና የላይ ገጽታ አገናዝበው ማንበብ ግን ተሳናቸው። ውሳኔውን ከደገፉት አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ፣ ወቀሳው በቅድሚያ የሚመለከተው እኔን ነው።

ስለሆነም መፍትሔው መሣሪያውን መቃወም ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በእጁ ይንደፍ፤ ገጽታንና ልኬትን ይለይ። ቀጥሎ የጋራ ምልክቶችን ይማር። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ ሲመጣ፣ የሚያውቀውን ሥራ የሚያፋጥንለት ረዳት ይሆንለታል። ዕቅድ አውጪዎቻችንም የመሣሪያ ግዢ ከመፍቀዳቸው አስቀድሞ፣ መምህሩ ምን ሊያስተምርበት እንደ ተዘጋጀ ሊጠይቁ ይገባል።