የሃያ ዶላር ሚዛን፦ ስለ አሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ርዳታ መደራረብ

አንድ የርዳታ ሕግ ብቻውን ሲነበብ ቅን መስሎ ይታያል። እውነተኛ ጠባዩ የሚገለጸው ግን ከሌላው ሕግ ጋር ሆኖ በአንድ ችግረኛ ላይ ሲሠራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጡት ርዳታዎች ሲደራረቡ የሚሆነውን መመርመር ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1956 የተደነገገው የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ሲሆን፥ ሠራተኛው ከደመወዙ መዋጮ ሲከፍል ኖሮ፥ ሥራ የሚያስተው ጉዳት ሲደርስበት የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው በ1972 ተደንግጎ በ1974 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ኤስ ኤስ አይ ሲሆን፥ ይህም ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ ለድኾች አረጋውያን፥ ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች ጉዳተኞች የሚሰጥ ነው። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ያነሰበት ሰው ሁለቱን አንድ ላይ መቀበል ይፈቀድለታል።

ፈቃዱ መልካም ነው፤ ስሌቱ ግን ይመርመር። አንዳንድ ግዛቶች የሚጨምሩት ሳይቈጠር፥ በ2026 የኤስ ኤስ አይ ሙሉ ክፍያ ለነጠላ ሰው በወር 994 ዶላር ነው። ብዙ ዓመት የሠራች አንዲት ሴት ከኢንሹራንሱ 700 ዶላር ታገኛለች፥ ሌላ ገቢም የላትም እንበል። ሕጉ 20 ዶላር ብቻ ይተውላትና የቀረውን 680 ዶላር ከ994 ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከኤስ ኤስ አይ 314፥ በድምሩ 1,014 ዶላር ይደርሳታል። ጉዳቱ ከልደት ጀምሮ ሥራ የከለከለው ሌላው ሰው 994 ያገኛል። ይህም በዛለት የሚባል አይደለም። ነገር ግን የሴትዮዋ የሥራና የመዋጮ ዘመን ብልጫው 20 ዶላር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ኢንሹራንሱ 300 ቢሆን ወይም 900 ቢሆን ድምሩ ያው ነው።

በ1974 መጀመሪያ የኤስ ኤስ አይ ክፍያ 140 ዶላር ስለ ነበረ፥ 20 ዶላር የዚያ ሰባተኛ እጅ ይሆን ነበር። ከ1975 ጀምሮ ክፍያው የኑሮ ውድነት እየታየ ሲጨመር፥ ሃያው ዶላር ግን ባለበት ቀረ፤ ዛሬ ሃምሳኛ እጅ እንኳ በጭንቅ ይሆናል። ነጠላ ሰው ሊይዘው የሚፈቀደውም ጥሪት፥ የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና ሳይቈጠሩ፥ ከ1989 ጀምሮ 2,000 ዶላር ላይ ቆሟል።

የኪራይ ድጎማ ሲጨመር ደግሞ፥ ተከራዩ እንደ ተለመደው ደንብ ከተጣራ ገቢው 30 በመቶ ስለሚከፍል፥ ከሃያው ዶላር ስድስቱ ለኪራይ ይሄዳል። የመንግሥት የምግብ ርዳታም ሁለቱን ክፍያዎች እንደ ገቢ ይቈጥራል። በአንጻሩ ኤስ ኤስ አይ የምግብ ርዳታውን እንደ ገቢ አይቈጥርም፤ ከመስከረም 2024 መጨረሻ ወዲህም ዘመድ የሚያበላው ምግብ ክፍያውን አይቀንስበትም። ደግሞም ኤስ ኤስ አይ በብዙ ግዛቶች ሜዲኬይድ ለሚባለው ሕክምና በር ይከፍታል፤ የኢንሹራንሱ ተቀባይ ሜዲኬርን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ 24 ወር መጠበቅ ስላለበት፥ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

የሕጉ ደጋፊዎች፥ «ኤስ ኤስ አይ ለሥራ የሚከፈል ዋጋ ሳይሆን ከድኽነት የሚያነሣ ወለል ነው፤ ሌላ ገቢ ሲገኝ መቀነሱ የሕዝብን ገንዘብ ይበልጥ ለተቸገረው ያደርሳል» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው ራሱ 20 ዶላር ሲተው፥ ያዋጣ ሰው ጥቂት ብልጫ ይገባዋል ብሎ ፈርዷል። ያ ፍርድ የተሻረው በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን በዝምታ ነው። መሻር ካስፈለገ በግልጽ ተከራክረው ይሻሩት፤ ካላስፈለገ ግን ክፍያው በሚያድግበት መጠን ሃያው ዶላርና የጥሪቱ ወሰን አብረው ይደጉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እነዚህ ድሮች ሲያብሩ ግን የታሰረው ችግሩ ሳይሆን ችግረኛው እንዳይሆን መጠንቀቅ የሕግ አውጪው ተግባር ነው።