185 ኪሎ ሜትር፣ ግን በየት በኩል?

ከጅማ ሐዋሳ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ያውቃሉ? የርቀት ማስያ ድረ ገጾች የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም ሲያስገቡላቸው 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሏችኋል፤ የበረራ ጊዜም ይጨምሩላችኋል። መስመሩን ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምሩት በከምባታ ዞን፣ በዶዮገና አካባቢ ያልፋል። ታዲያ የዶዮገና ሰው ይህን ቁጥር ምን ያደርገዋል?

እውነቱን ለመናገር፣ የርቀቱ ስሌት ስህተት የለበትም። ቀመሩ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ፣ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ሉል አድርጎ፣ በሉሉ ገጽ ላይ ያለውን አጭር መንገድ ያሰላል። ምድር ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ብትሆንም፣ ከዚህ የሚመጣው ስህተት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰዓቱ ላይ ነው። አንዳንድ ማስያዎች ርቀቱን ለትልቅ ጄት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ለ800 ኪሎ ሜትር ያካፍሉታል። በዚህ ስሌት ከጅማ ሐዋሳ 14 ደቂቃ ብቻ ነው! በአገር ውስጥ አጫጭር መስመሮች ላይ የሚበሩት ግን እንደ ኪው 400 ያሉ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው፤ ፍጥነታቸውም ከዚያ ያነሰ ነው። በአጭር በረራ ደግሞ ጊዜው የሚያልቀው በመንደርደር፣ በመውጣትና በመውረድ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ማስያው በረራው መኖሩን አይጠይቅም። የአገር ውስጥ በረራችን በአብዛኛው ማዕከሉ ቦሌ ነው። ከጅማ ቦሌ በቀጥታ መስመር 262፣ ከቦሌ ሐዋሳ 212 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ 474። ከመጀመሪያው ቁጥር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ቦሌ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ሰዓት ገና አልተቆጠረም።

ዶዮገና ደግሞ ኤርፖርት የላትም፤ ያለው የመኪና መንገድ ነው። መንገድ እንደ መስመር ቀጥ አይልም። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ቀጥታው 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመኪና 230 ገደማ ይሆናል። ወደ ጅማ ሲሆን ይብሳል፤ መሃል ላይ የኦሞ ጊቤ ሸለቆ አለ። መስመር ሸለቆን ዘሎ ያልፋል፤ መኪና ግን ድልድይ መፈለግ አለበት።

ይህ የመንገደኛ ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። እኛ ተመራማሪዎችም ያንኑ እናደርጋለን። ጤና ጣቢያን መሃል አድርገን ካርታ ላይ ክብ እንስልና፣ ክቡ ውስጥ የገባውን ሁሉ «አገልግሎት ያገኛል» ብለን እንቆጥራለን። ከገደሉ ማዶ ያለች፣ ምጥ የያዛት እናት ክቡ ውስጥ አለች፤ ጤና ጣቢያው ግን ከእሷ ብዙ ሰዓት ይርቃል። በወረቀት ላይ የተሸፈነ ቀበሌ ደግሞ ሌላ ጤና ጣቢያ አይሠራለትም።

ስለዚህ ማስያዎቹ ይጥፉ አልልም። ቁጥሩን በስሙ ይጥሩት፤ «ቀጥታ ርቀት» ይበሉት እንጂ «የጉዞ ጊዜ» አይበሉት። እርስዎም ቁጥር ሲያዩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በየት በኩል? በምን? ስንት ቦታ ቆሞ? እነዚህ ካልተመለሱ፣ የተነገረዎት የአሞራ መንገድ ነው።