መመዘኛው ከማእከል፣ ሸክሙ ከወረዳ

የፌዴራል መንግሥት በትምህርት ረገድ ያለው ሥልጣን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ተደንግጓል። በአንቀጹ መሠረት መንግሥቱ አገር አቀፍ የትምህርት ደረጃዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን ያወጣል፤ ያስፈጽማልም። ትምህርት ቤት መክፈት፣ መምህር መቅጠርና ደመወዝ መክፈል ግን የክልሎች፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በአመዛኙ የወረዳዎች ድርሻ ሆኗል። ክፍፍሉ በራሱ ጉድለት የለበትም። የሚያነጋግረው «ደረጃ» የሚለው ቃል በተግባር የተሰጠው ትርጉም ነው።

ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙ ወዲህ የአዲሱ አመራር ጥረት ጎልቶ የታየው በፈተና ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። ኩረጃን ለመግታት የተወሰደው ይህ እርምጃ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረውን እውነት ገለጠ። በመጀመሪያው ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በየጊዜው ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አመራሩ ይህን ሳይደብቅ ለሕዝብ ማስታወቁ ሊመሰገንበት ይገባል። ይሁን እንጂ ሚዛን ሰሊጥን ይመዝናል እንጂ አያበቅልም።

ይህን ለመረዳት የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አብርሃ ጅራን መመልከት ይጠቅማል። ከተማዋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኝ ሲሆን፣ የአካባቢው ኑሮ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ እርሻ ላይ የተመሠረተ ነው። የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ሲከፈት የሰሊጥ አጨዳም ይደርሳል። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬውን ስለሚያራግፍ፣ ገበሬው ለሥራ የደረሰ ልጁን ወደ ማሳ መጥራቱ አያስደንቅም። ሙቀቱና ወባው መምህራንን በሥፍራው ማቆየትን አዳጋች ያደርጉታል። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተባባሰው የድንበር ውዝግብ ተጨመረ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭትም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

ከእንዲህ ያለ ወረዳ የሚመጣ ተማሪ ከአዲስ አበባ እኩዩ ጋር በአንድ ፈተና ይመዘናል። ፈተናው አንድ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ለቆላ ልጅ የቀለለ ፈተና ማውጣት እርሱን መናቅ ይሆናል። አንድ ያልሆነው ዝግጅቱ ነው። የ1986 ዓ.ም. ፖሊሲን ተክቶ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እርከኑን ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት አድርጎ አዋቅሯል። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄም ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን በመዋጮ እንዲያሻሽል ተጠይቋል። እንግዲህ ፈተናውን ማእከሉ ያዘጋጃል፤ ለፈተናው የሚያበቁት መማሪያ ክፍል፣ ወንበርና መምህር ግን በወረዳ በጀትና በወላጅ ለጋስነት ላይ ይንጠለጠላሉ። መዋጮ ደግሞ ያለውን አካባቢ ያጠናክራል እንጂ ግጭት ያራቆተውን አያነሣም።

ከማእከል የወጣ ዕቅድ ሸክሙን የሚሸከሙትን ሳያሳትፍ ሲቀር ምን እንደሚገጥመው የአገሪቱ ታሪክ ያሳያል። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ የማዳረስ በጎ ሐሳብ ነበረው። ሆኖም መምህራንን ሳያሳምን በመቅረቡ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም የደረሰ ተቃውሞ ገጥሞት ሳይተገበር ቀርቷል።

ስለዚህ አገር አቀፍ ደረጃ በተማሪው ላይ ብቻ ሳይሆን በመንግሥትም ላይ የሚጣል ግዴታ ሊሆን ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ከዝቅተኛው ደረጃ በታች ለሆኑ የጠረፍ ወረዳዎች ለመምህራን ማቆያና ለትምህርት ቤት ግንባታ የተለየ የፌዴራል ድጎማ ሊመደብ ይገባል። ሁለተኛ፣ የማስተማሪያ ቀናት ብዛት ሳይቀነስ፣ ቆላማ ወረዳዎች የትምህርት ዘመኑን ከአጨዳው ጋር የማስማማት ፈቃድ ቢኖራቸው ይበጃል። በመጨረሻም፣ የየትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት ሲገለጽ በዓመቱ የተማረበት ቀንና የነበሩት መምህራን ቁጥር አብረው ይገለጹ። ይህ ሲሆን ዕቅድ አውጪው የተማሪውን ድክመት ከትምህርት ቤቱ ድክመት ለይቶ ማየት ይችላል፤ የአብርሃ ጅራ መምህርም ባልተሰጠው ነገር አይጠየቅም።