በመጽሐፍ ላይ ስለሚፈስ እንባ

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል ተረታችን። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንባ ስለ ወጣ ብቻ አንጀት ራርቷል ማለት አይቻልም። ሰው በተጻፈ ታሪክ ላይ ሲያለቅስ፣ ወይ ልቡ ለሌላው ፍጡር መከራ ተከፍቶ ይሆናል፤ ወይም በገዛ ራሱ ደግነት ተደስቶ፣ «እኔስ እንዴት ያለሁ ርኅሩኅ ነኝ!» እያለ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህንን ለመመርመር ጦርነትና ፈረስ የሚገኙባቸውን ሁለት ልብ ወለድ ታሪኮች እናንሣ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ማይክል ሞርፑርጎ በ1982 ዓ.ም. ያሳተመው «የጦር ፈረስ» ነው። ታሪኩን የሚነግረን ጆይ የተባለው ፈረስ ራሱ ነው። ጆይ በዴቨን ገጠር አልበርት ከሚባል ልጅ ጋር ሲኖር፣ በ1914 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና የልጁ አባት ለሠራዊቱ ሸጠው። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ለእንግሊዞች፣ አንድ ጊዜ ለጀርመኖች ያገለግላል። በሁለቱ ምሽጎች መካከል ቆስሎ በተገኘ ጊዜ፣ ከወዲያ አንድ ጀርመናዊ፣ ከወዲህ አንድ የዌልስ ሰው ነጭ ጨርቅ ይዘው ወጥተው፣ ፈረሱ ለማን ይሁን ብለው ሳንቲም ይጥላሉ። በመጨረሻም በሐራጅ ለሥጋ ነጋዴ ሊሸጥ ሲል፣ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ገዝተው ለአልበርት በአንዲት ፔኒ ይመልሱለታል።

የዚህ መጽሐፍ ብልኅነቱ ነገሩን በፈረስ አፍ ማስነገሩ ነው። ፈረስ ጠላት የለውም፤ በእርሱ ዓይን ሰው የሚለየው በሰንደቅ ዓላማው ሳይሆን በእጁ ልስላሴ ነው። ጉድለቱ ግን ይህ ነው፦ ያስለቀሰንን እንባ ራሱ መልሶ ያብሰዋል። ጆይ ተርፎ ቤቱ ገብቷልና አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ በሰላም ይተኛል።

ሁለተኛው ጀርመናዊው ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ በ1929 ዓ.ም. ያሳተመው «በምዕራቡ ግንባር አዲስ ነገር የለም» የተባለው ነው። ሬማርክ ራሱ በወጣትነቱ ዘምቶ በ1917 ዓ.ም. ቆስሏል፤ ናዚዎችም በ1933 ዓ.ም. መጽሐፉን በአደባባይ አቃጥለውታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፈረስ አይናገርም፤ ይጮኻል እንጂ። በመድፍ የተመቱት ፈረሶች ሲጮኹ፣ የሰው ጣር የለመዱት ወታደሮች እንኳ ሊሰሙት አይችሉም። ከመካከላቸው ዴተሪንግ የሚባለው ገበሬ፣ ፈረስ ወዳድ ነውና፣ ተኩሳችሁ ገላግሏቸው እያለ ይለምናል። ነገር ግን መጀመሪያ የቆሰሉት ሰዎች መነሣት አለባቸውና ፈረሶቹ ይጠብቃሉ፤ ኋላም በጥይት ያርፋሉ። ደራሲው አንዱንም አላዳነልንም፤ ስም እንኳ አልሰጣቸውም።

በእኔ አስተያየት፣ ልጅ ፍቅርን የሚጀምረው ስም ካለው ከአንድ ፈረስ ነውና የሞርፑርጎን መጽሐፍ ማስቀደም ይገባል። ዳሩ ግን ሬማርክ የበለጠ አስተማሪ ነው፤ እንባችንን ሳያብስ ትቶን ይሄዳልና።

ከልብ ወለዱ ወጥተን ደግሞ የተደረገውን እንይ። በዚያ ጦርነት ስምንት ሚሊዮን ያህል ፈረሶች፣ በቅሎዎችና አህዮች እንዳለቁ ይገመታል። በግብፅ በኩል ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዘምተው ከተረፉት ብዙዎቹ ለአገራቸው አልበቁም፤ እዚያው ተሸጡ። ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ የሚባሉ የእንግሊዝ መኮንን ባለቤት በ1930 ዓ.ም. ካይሮ ሲደርሱ፣ እነዚህ ፈረሶች አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ ሸክም ሲጎትቱ አገኟቸው። በ1931 ዓ.ም. «ሞርኒንግ ፖስት» ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንባቢዎችም ገንዘብ ላኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ከባለቤቶቻቸው ተገዙ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የድኻውን ፈረስና አህያ በነጻ የሚያክም ሆስፒታል በካይሮ ተከፈተ። ድርጅቱ ዛሬ «ብሩክ» በመባል ይታወቃል፤ በኢትዮጵያም ሠርቷል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ ነገር ልብ በል። ከተገዙት ፈረሶች የሚበዙት ከመድከማቸው የተነሣ ሊድኑ የሚችሉ አልነበሩም፤ ጥቂት አርፈው፣ ጠግበው በልተው፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። ልብ ወለዱና ሥራው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ምሕረት ማለት ማዳን ነው፤ በጋጥ ውስጥ ግን ምሕረት አንዳንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ውሃና ጸጥ ያለ ሞት ብቻ ነው። እንደ ጆይ የሚተርፈውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ጋጥ በሦስተኛው ቀን ይሸሻል።

እኛም ከፈረስ የራቅን ሕዝብ አይደለንም። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ያልነው በፈረሳቸው ስም ነው። ጀግናውን በፈረሱ የጠራ ሕዝብ፣ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ያረጀው ፈረስ በመንገድ ዳር ሲጣል አይቶ ማለፉ ግን ያሳዝናል።

«ሰው እየተራበ ለእንስሳ ማሰብ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በሬማርክ መጽሐፍም ሰው እንዲቀድም ተደርጓል። ነገር ግን የጋሪ ነጂው የልጆቹ እንጀራ የሚመጣው በዚያው ፈረስ ጀርባ ነው። ገጣባውን ያጠበለት ሰው ባለቤቱንም ረድቷል፤ የካይሮው ሆስፒታል በነጻ ማከሙም ይህንኑ ያሳያል። ስለዚህ ድኻውን ጨካኝ ብሎ መስደብ ርኅራኄ አይደለም።

እንግዲህ የሚያሳዝን መጽሐፍ አንብበህ ያለቀስህ እንደ ሆነ አትፈር። ነገር ግን በአቅራቢያህ የእንስሳት መጠለያ ቢገኝ በሳምንት አንድ ቀን ሄደህ በፈቃድህ አገልግል። እዚያ የሚጠብቅህ ትረካ ሳይሆን ፋንድያ መጥረግ፣ ድርቆሽ መሸከም፣ ሰኮና ማጽዳት ነው። መጠለያ ባይኖር ደግሞ በደጅህ ለሚያልፈው የተጠማ አህያ ውሃ አቅርብ። አህያው ታሪኩን አይነግርህም፤ አያመሰግንህም፤ ምናልባትም አይድንም። ይህንን እያወቅህ በሚቀጥለው ሳምንት ከተመለስህ፣ ያን ጊዜ እንባህ ከአንጀት እንደ ነበረ ይታወቃል።