የጥንት የወንድ ልጅ ስሞችና የዛሬው ሕፃን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ብሂል በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ነገር ግን መልአኩ የሚያወጣው ስም በየዘመኑ የሚለዋወጥ ለመሆኑ የአዊ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ፥ በሌላ ስሟ ቆሰበር፥ ጥሩ ምስክር ትሆናለች። በትምህርት ቤት መዝገብ የተማሪው፥ የአባቱና የአያቱ ስም በተርታ ይጻፋል። ለምሳሌ ያህል «ናሆም ደሳለኝ ቢያድግልኝ» ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ቢወሰድ፥ ሦስት ትውልድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓይነት የስም አወጣጥ ልማድ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይታያል። ከዚህም የተነሣ በሦስተኛው ተራ የሚገኘው የአያት ስም ወደ አንደኛው ተራ ተመልሶ ለዛሬ ሕፃን ቢሰጥ ይስማማዋል ወይስ አይስማማውም የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

በዚህ ነገር ላይ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ነው። አንደኛው ወገን፥ የጥንቱ ስም የገጠር ሽታ ያለበትና ለሕፃን የሚከብድ ስለ ሆነ ልጁን በባልንጀሮቹ ፊት ያሳፍረዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ የአያትን ስም መተው ራስን መርሳት ነው ሲል ይከሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚፈርዱት ስሙ ለጆሮ በሚሰጠው ስሜት ነው እንጂ፥ ስሙ ምን ተግባር ይፈጽም እንደ ነበር መርምረው አይደለም።

በጥንቱ ልማድ ስም በአብዛኛው የተሟላ ንግግር ነበር። ምትኩ፥ ካሣ፥ ፋንታ፥ ማስረሻ የተባሉት ስሞች ከዚህ ልጅ በፊት የሞተ ሰው መኖሩን ይናገራሉ፤ አዲሱ ልጅ የሟቹ ተተኪ፥ የኀዘኑም ማስረሻ ነው። ቢያድግልኝ የእናት ምኞት ነው፤ ዘለቀ ደግሞ ከሞት ማምለጥን የሚያበሥር ነው። እነዚህ ስሞች ሲወጡ ሞት ከአራስ ቤት ደጃፍ አይርቅም ነበር። በ1992 ዓ. ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ በ2008 ዓ. ም. ግን ቍጥሩ ወደ 67 ወርዷል። እንግዲህ ምትኩና ማስረሻ የሚሉት ስሞች ቢያንሱ፥ ይህ የሥልጣኔ ኩራት ወይም የባህል ክህደት ብቻ ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። ስሙ ይናገርለት የነበረው ኀዘን በከፊል በመቀነሱ ጭምር ነው። የሞተ ወንድም ለሌለው ልጅ ምትኩ የሚል ስም መስጠት የስሙን ድምፅ ጠብቆ ፍሬ ነገሩን ማፍሰስ ይሆናል።

ሁለተኛው ክፍል የጀግንነት ስም ነው። ደምሳቸው፥ ጣሰው፥ ማንደፍሮ፥ አንዳርጋቸው የሚሉትን የመሰሉ ስሞች በውስጣቸው ባላጋራ አለባቸው፤ «አቸው» የሚለው ቅጥያ ያልተጠሩትን ብዙዎች ያመለክታል። አንድ የአርባ ቀን ሕፃን ደምሳቸው ሲባል ለሕፃንነቱ ይስማማዋል ብሎ የሚከራከር የለም። ጥንትም ቢሆን አይስማማውም ነበር። ስሙ የተሰፋው ልጁ ወደ ፊት ለሚሆነው ጎልማሳ ነው፤ ሕፃኑ ግን እስኪያድግ ድረስ በእናቱ አፍ ማሙሽ ወይም አቡሽ እየተባለ ይኖራል። ስለዚህ «የጥንት ስም ለሕፃን ይከብዳል» የሚለው ነቀፌታ፥ የጥንቱ ሰው ራሱ አውቆ መፍትሔ ያበጀለትን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ማቅረብ ነው።

መፍትሔውም የስም ብዛት ነበር። ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባኛው ቀን ሲጠመቅ ገብረ ማርያምን ወይም ወልደ ሥላሴን የመሰለ የክርስትና ስም ይቀበላል፤ አባት አንድ ስም፥ እናት ሌላ ስም፥ አያትም ሦስተኛ ስም ሊያወጡለት ይችላሉ። ጀግና የሆነ እንደ ሆነ በፈረሱ ስም ይጠራል። በጥር ወር 1937 ዓ. ም. በስቅላት የሞተው የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ይባል ነበር። ካሣ ተብለው ያደጉ ሁለት መሳፍንት በ1847 ዓ. ም. ቴዎድሮስ፥ በ1864 ዓ. ም. ዮሐንስ ተብለው ነገሡ፤ የጎጃሙም ራስ አዳል በ1873 ዓ. ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ማኅበረሰቡም በበኩሉ ስም ይጨምራል፤ በ1958 ዓ. ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤን ሰው ሁሉ ጉዱ ካሣ ይለዋል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የፈረስን ክብር ዛሬም ያሳያል፤ ይሁን እንጂ በፈረስ ስም መጠራት ከዕለት ኑሮ ወጥቷል።

የዛሬው ሕፃን የሚቸገረው እንግዲህ ስሙ ስላረጀ አይደለም፤ ቀድሞ ብዙ ስሞች ተካፍለው ይሸከሙት የነበረውን ሸክም አንድ ስም ብቻውን እንዲሸከም ስለ ተደረገ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደነገገ፤ ልማዱ ግን በአባትና በአያት ስም ጸና። በአዋጅ ቍጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኵነት ምዝገባም በ2008 ዓ. ም. ሥራውን ሲጀምር፥ ልጁ ገና በሕፃንነቱ የሚመዘገብበት ስም የዕድሜ ልኩ ስም የሚሆንበትን መንገድ አጠነከረ። ወላጆች አጭርና ለስላሳ ስም ቢመርጡ፥ ይህን ለውጥ ባይገልጹትም ተረድተውታል ማለት ይቻላል።

የሁለተኛው ወገን ክስም ያለ ምርመራ የሚያልፍ አይደለም። ናሆም፥ ናታን፥ ያፌት የተባሉት «አዲስ» ስሞች ከመጽሐፍ ቅዱስ የተገኙ ናቸው፤ ዳዊትና ይስሐቅ የሚባሉ ነገሥታትም ደምሳቸው የሚለው ስም ያረጀ ሳይባል ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ ነግሠዋል። ከዚህም በላይ አውኚ በሚነገርበት ቤት ቢያድግልኝ የአማርኛ ንግግር ነው። አውኚ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ስሙ ግን ከቤተ ክርስቲያንና ከአስተዳደር ጋር ተስፋፍቶ ከመጣው ከጎረቤት ቋንቋ የተወሰደ ነው። ስለዚህ የአማርኛውን የአያት ስም የማንነት መጀመሪያ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው፥ ከዚያ በፊት የነበረውን ሌላ ለውጥ ዘሎ ይቈጥራል።

የስም ዕድሜ በሌላም አገር ተመልሶ ይታደሳል። በእንግሊዝና በዌልስ አርተር የሚለው የሽማግሌ ስም ከ1920ዎቹ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2018 እ. ኤ. አ. ከአሥሩ ተመራጭ የወንድ ስሞች ውስጥ ገብቷል። በዚያ አገር የግል ስም ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፤ ባለቤቶቹ ሲያልፉ ግን እንደ አዲስ ይሰማል። በኢትዮጵያ ግን ስም ከባለቤቱ ሞት በኋላ በልጁና በልጅ ልጁ ወረቀት ላይ ይኖራል፤ ስለዚህም የሽማግሌነቱ ድምፅ ቶሎ አይለቀውም። በአራተኛው ትውልድ ግን ከወረቀቱ ይወድቃል። ቀድሞ ሰው ለጋብቻ ዘመዱን እስከ ሰባት ቤት በቃል ይቈጥር ስለ ነበር የቅድመ አያት ስም መጠጊያ ነበረው። አንከሻ፥ ባንጃና ዚገም የተባሉት የሰባት ቤት አገው ስሞች በትውፊት የወንድማማቾች ስም ናቸው፤ ዛሬ በወረዳ ስምነት የጸኑት ትውልድ በቃል ስለ ቈጠራቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ፍርድ ይህ ነው። የኀዘን ስም ኀዘኑ በሌለበት ቤት አይስማማም፤ የጀግንነትም ስም ባላጋራው በጠፋበት ዘመን ለልጁ ባዶ ዛቻ ይሆንበታል። ደሳለኝን፥ በላይንና ዘለቀን የመሰሉት ግን የሚናገሩት ነገር ዛሬም እውነት ስለ ሆነ ለማንኛውም ሕፃን ይበቃሉ። የቀሩትን ለማዳን ሕፃኑን ማስገደድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በቆሰበርና በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎች ሳያልፉ፥ እያንዳንዱ ስም ለማን፥ በማን አፍና ስለ ምን እንደ ወጣ መጻፍ ነው። ትርጓሜው ሳይመዘገብ የሚቀር ስም ለሕፃን ቢሰጥም እንኳ የሚተርፈው ድምፁ ብቻ ነው።