የሚዞር ሁሉ አይታዘዝም

ቤቱ የገጣጠመውን ማሽን ሊያሳየኝ የጠራኝ ሰው ማብሪያውን ሲጫን፣ የስቴፐር ሞተሩ መዞር ብዙም አያስደንቀኝም። መዞር ቀላሉ ነገር ነው። ስቴፐር ሞተር የሚታዘዘው በምት ነው፤ አርዱይኖው አንድ ምት በላከ ቁጥር አንድ እርምጃ ይራመዳል። የተለመደው ኔማ 17 አንድ ሙሉ እርምጃው 1.8 ዲግሪ ስለሆነ በ200 እርምጃ ዙሩን ይሞላል። ጭነት ከብዶት እርምጃ ቢያጎድል ግን የሚናገርበት አፍ የለውም። ኮዱ ቆጥሮ ጨርሷል፤ ዘንጉ ሌላ ቦታ ቆሟል። ስለዚህ የዚህን ሥራ ጥሩነት የምመዝነው ሄዶ ወደ ተነሳበት ቦታ በመመለሱ ነው።

በዓይን

ኤሌክትሪኩ ከመለቀቁ በፊት ሽቦውን አያለሁ። የሞተሩ ኃይል ከአርዱይኖው 5 ቮልት ፒን ተስቦ ካገኘሁት ቀሪውን መመርመር አያስፈልገኝም። ሞተሩ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ሊኖረው፣ የእሱና የአርዱይኖው ግራውንድ ደግሞ አንድ ላይ ሊታሰር ይገባል፤ ግራውንዱ ከተረሳ ሞተሩ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይላል። ምቱን ተቀብሎ ለሞተሩ ከረንት የሚያከፋፍለው ድራይቨር ኤ4988 ከሆነ ከሞተር ኃይል መግቢያው አጠገብ ቢያንስ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እፈልጋለሁ። እሱ ከሌለ ኃይሉ በተሰካበት ቅጽበት የሚዘለው ቮልቴጅ ድራይቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ቀጥሎ ድራይቨሩ ላይ ያለችውን የከረንት ማስተካከያ ትንሽ ብሎን አያለሁ። በግምት ያዞራትና ለክቶ ያዞራት ሰው የሚለዩት እዚህ ነው። ለክቶ የሚሠራው ሰው የድራይቨሩ ሰሌዳ ላይ ያሉትን የከረንት መለኪያ ሬዚስተሮች ያነባል። «አር100» ከተጻፈባቸው 0.1 ኦም ናቸው፤ እንግዲህ ኤ4988 ላይ ለ1 አምፔር የማመሳከሪያ ቮልቴጁን 0.8 ቮልት ላይ ያቆመዋል። የተጻፈው ቁጥር ሌላ ከሆነ ስሌቱም ሌላ ነው። ከሌላ ሰው ሰሌዳ ቁጥር የተዋሰ ሞተሩን ወይ ያስርበዋል፣ ወይ ያግለዋል።

በእጅ

የሞተር መሞቅ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ቆሞም ቢሆን ቦታውን ለመያዝ ከረንት ይበላል። መዳፍ ብዙ የማይታገሰው ሙቀት ላይ ቢደርስ አልደነግጥም። የሚያሳስበኝ ጥቂት ሠርቶ ዝም የሚለውና ትንሽ ቆይቶ በራሱ የሚነሳው ሞተር ነው። ድራይቨሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን እየዘጋ፣ ሲበርድ እየከፈተ ነውና። የዚህ መድኃኒት ኮዱ ውስጥ አይገኝም፤ ከረንቱን መቀነስ ወይም ድራይቨሩን ማቀዝቀዝ ነው።

የሞተሩ ሽቦዎች ከድራይቨሩ ተለያይተው ሳለ ደግሞ ከመካከላቸው ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝቼ ዘንጉን በጣቴ አዞራለሁ። ከከበደኝ ሁለቱ የአንድ የሽቦ ጥቅል ጫፎች ናቸው። መልቲሜትር ባይኖርም ጣት ይበቃል። ነገር ግን ኃይል በርቶ ሳለ የሞተሩን ሽቦ የሚነቅል ሰው ካየሁ እጁን እይዘዋለሁ፤ ብዙ ድራይቨር የሚሞተው እንዲህ ነው።

በጆሮ

እየጮኸ ባለበት የሚንቀጠቀጥ ሞተር ሁለት ዓይነት በሽታ ሊኖረው ይችላል። ለመለየት ፍጥነቱን በሰከንድ ወደ ጥቂት እርምጃ ማውረድ ነው። ያኔም ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሽቦው ነው፤ ጥቅሎቹ ተቀላቅለዋል ወይም አንዱ ተበጥሷል። ከዞረ ግን ሽቦው ደህና ነው፤ የተጠየቀው ከአቅሙ በላይ ነበር። አቀበት ላይ የቆመ የጭነት መኪና በአራተኛ ማርሽ አይነሳም፤ ለስቴፐርም ፍጥነቱ ከታች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሊጨመርለት ይገባል።

በእርሳስ

ትልቁ ፈተና ርካሹ ነው። ዘንጉ ላይም ፑሊው ላይም ከአካሉ ጋር የሚገጥም ጭረት በእርሳስ አደርጋለሁ። ከዚያ ማሽኑ ጭነቱን እንደያዘ አሥር ዙር ሄዶ አሥር ዙር ይመለስ፤ ይህንንም መቶ ጊዜ ይድገመው።

የዘንጉ ጭረት ገጥሞ የፑሊው ከሸሸ፣ የላላ ብሎን አለ። የዘንጉ ከሸሸ ስንት ዲግሪ እንደሸሸ እለካለሁ። ጭነት የከበደው ሞተር ሲያመልጥ የሚይዘው ቀጣዩን ተመሳሳይ የማግኔት ቦታ ነው፤ ያም አራት ሙሉ እርምጃ፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ይርቃል። ስለዚህ ልዩነቱ 7.2፣ 14.4 እያለ ከሄደ አቅም አንሶታል፤ ከረንቱ፣ ፍጥነቱ ወይም ጭነቱ ይታይ። ከዚያ ያነሰ ሽራፊ ከሆነ ግን ሞተሩን አትውቀሱት፤ ምቱ መንገድ ላይ ጠፍቷል ወይም ያልተላከ ተጨምሯል። ለምሳሌ ኤ4988ን በዲአርቪ8825 የተካ ሰው፣ ለመጀመሪያው 1 ማይክሮሰከንድ የምትበቃው ምት ለሁለተኛው ቢያንስ 1.9 መሆን እንዳለባት ሊዘነጋ ይችላል።

በጥያቄ

በመጨረሻ ሠሪውን «ምን ቀይረህ ተስተካከለ?» እለዋለሁ። «ነካካሁትና ሠራ» ካለኝ ማሽኑ ነገ እንደሚከዳው አውቃለሁ፤ የዳነበትን ስለማያውቅ የታመመበትንም አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ፣ እርሳሱን አንስቶ እንደገና የለካ ሰው ግን መልስ አይቸግረውም። አንዳንዱማ ሳልጠይቀው ወደ ዘንጉ ይጠቁመኛል፤ ጭረቷ ደብዝዛለች፣ ቦታዋን ግን አለቀቀችም።