የቀረው አጥንት ምን ይሸከማል? ከፊሉ በቀዶ ሕክምና የተወገደ መንገጭላ ባዮሜካኒክስ

የታችኛውን መንገጭላ ከፊል የሚያስወግድ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ወይ? የቀረውስ አጥንት ሳይሰበር ቆይቷል ወይ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን አይበቁም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኃይል በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ይለወጣልና።

ጤናማው መንገጭላ በግራና በቀኝ መገጣጠሚያዎች ከራስ ቅል ጋር የተያያዘ፣ የማኘኪያ ጡንቻዎች ከሁለቱም ወገን የሚያንቀሳቅሱት ቅስት ነው። በስትራስቡርግ ማክሲም ሻምፒ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሥራ መሠረታዊውን ሥዕል ይሰጣል፤ በፊት ጥርስ ስንነክስ የአጥንቱ የላይኛው ጠርዝ ይሳባል፣ የታችኛው ይታመቃል፣ አገጭ አካባቢ ደግሞ የመጠምዘዝ ኃይል ይጨመራል።

እጢው ከላይኛው ጠርዝ ሳያልፍ ሲቀር ሐኪሙ ያን ክፍል ቆርጦ የታችኛውን ያተርፋል። በሙያው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አጥንት ይቅር የሚል የቆየ መመሪያ አለ። የምሕንድስና ሒሳብ ለምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። አጥንቱን ለማቅለል እንደ አራት ማዕዘን ዘንግ ብንቆጥረው፣ 30 ሚሊ ሜትር የነበረው ቁመት ወደ 10 ሲወርድ የመታጠፍ ጥንካሬው ወደ አንድ ዘጠነኛ፣ ግትርነቱ ወደ አንድ ሃያ ሰባተኛ ያሽቆለቁላል። ቁመት ብቻውን ግን ዕጣውን አይወስንም። ጨርቅ ከተቀደደበት ጫፍ እንደሚተረተር ሁሉ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን የተቆረጠ አጥንትም ጭነቱ በማዕዘኑ ላይ ስለሚከማች ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ክብ ተደርጎ ሲቆረጥ ጭነቱ ይሰራጫል። ጥርስ አልባ ሆኖ የሳሳ ወይም በጨረር የተጎዳ አጥንት ከሆነ ደግሞ ያው 1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዋስትና ይሰጣል።

የታችኛው ጠርዝም አብሮ ተቆርጦ ቅስቱ ከተቋረጠ ግን ችግሩ ከአጥንት ወደ ጡንቻ ይሸጋገራል። ሚዛን የሚጠብቀው ተቃራኒ ጡንቻ ስለጠፋና ጠባሳውም ስለሚጎትት፣ የቀረው ክፍል ወደተቆረጠው ጎን ያዘነብላል። ታማሚው በቀሩት ጥርሶች አጥብቆ ሲነክስ ደግሞ፣ ጥርሶቹ የሚገናኙበት ነጥብ ድጋፍ ሆኖ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል። ክፍተቱን በታይታኒየም ፕሌት ማገናኘት ቅስቱን ይመልሳል፤ ነገር ግን ፕሌቱ ጭነቱን ለብቻው ይሸከማል፤ በየማኘኩ ተደጋጋሚ ጭነት ሊደክምና ሊሰበር፣ ብሎኖቹም ሊላሉ ይችላሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ሂዳልጎ ፊቡላን፣ ማለትም ቀጭኑን የእግር አጥንት፣ ከደም ሥሩ ጋር ወስዶ መንገጭላን መልሶ መሥራቱ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከተጋጠመ በኋላ ሕያው ሆኖ ጭነት የሚካፈል አጥንት ስለሚተካ። የፊቡላ ቁመት ግን ጥርስ ካለው መንገጭላ ያንሳል፤ አንዳንዴ አጥንቱ ታጥፎ በድርብ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ይቻላል። ሞዴሎቹን የምተቸው በአንድ ነጥብ ነው፤ የጡንቻ ኃይሉ ብዙ ጊዜ ከጤናማ ሰው ይወሰዳል። ጡንቻው የተቆረጠበት፣ ከንፈሩ የደነዘዘ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚያኝክ ታማሚ ግን እንደዚያ አይነክስም። ጤናማ ጡንቻን በታመመ አጥንት ላይ የጫነ ሞዴል ትክክለኛ ሒሳብ ሠርቶ የሌላ ሰው መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ጉዳዩ ለአፍሪካ ሐኪሞች ሩቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው መንገጭላ ላይ የሚወጣው አሜሎብላስቶማ የተባለው እጢ፣ ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ ዘግይተው ስለሚደርሱ፣ ብዙ ጊዜ እጅግ ገዝፎ ይገኛል። የዘመናዊ ሞዴል መሣሪያ በየሆስፒታሉ ላይኖር ይችላል። ማዕዘኑን ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ የቀረውን ቁመት መለካት፣ ጡንቻው የሚያያዝበትን ስፍራ በተቻለ መጠን ማትረፍ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ታማሚው እንዴት እንደሚያኝክ መከታተል ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ምን ይቆረጥ ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ የሚቀረው ምን ይሸከማል የሚለውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ አለበት።